መርዶውን ከማን ሰማችሁት?

ስልክ ላይ ነገር የሚያረዝም ሰው አልወድም። ትዕቢት እንዳይመስላችሁ፤ በሽታ ነው፤ በሽታው የያዘኝም ጦር ሜዳ ነው። ያገሬ ሰው ደውሎ «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ጤናህስ? ሥራስ? ቤተሰብስ?» ይልና ሲጨርስ «እና እንዴት ነህ ታዲያ?» ብሎ ከሥር ሲጀምር ደሜ ይፈላል። «የደወልክበትን ተናገር!» እላለሁ። ባለቤቴ የሺ በዚህ ስንቴ አፍራብኛለች። «ይኼ ሰውዬ ከሬዲዮ ነው የተወለደው» ትላለች ለጓደኞቿ፣ እኔ እየሰማሁ።

በወጣትነቴ በደርግ ጦር ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በሰሜን ግንባር። ሬዲዮውን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ከአዛዡ ኋላ ኋላ መሄድ ነው ሥራዬ። አሰልጣኛችን የነበሩት ሻምበል ያስተማሩን ነገር ብዙ አልነበረም። ከመናገርህ በፊት አስብ። ማን እንደሆንክ ተናገር። አሳጥር። የተነገረህን መልሰህ ድገም፤ ያልደገምከው መልእክት አልደረሰህም። በዓይንህ ያላየኸውን ስታስተላልፍ ደግሞ ከማን እንደሰማኸው አብረህ ተናገር። ይህን ሲሉ አይጮሁም ነበር። ቀስ ብለው «ከእናንተ አንዱ ባልተጣራ ወሬ መቶ ሰው ይቀብራል» ይሉናል። እኛ ልጆች ነበርን፣ እንስቃለን። ግንባር ስንደርስ ሳቁ ቆመ።

ሰው ጦርነት ሲባል ተኩሱ ነው የሚታየው። እኔ ጦርነትን የማውቀው በጆሮዬ ነው፤ ለእኔ ጦርነት ማለት መጠበቅ ነው። ማዶ ያለው ሻለቃ ጦር ድንገት መልስ መስጠት ያቆማል። ትጣራለህ፣ መልስ የለም። ባትሪ አልቆባቸው ይሆናል። ዝም በሉ ተብለው ይሆናል። ወይም የሚመልስ ሰው አልቀረም። ከዚህ ወገን ሆኖ ለሚሰማ ሦስቱም ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሽሽሽሽ የሚል ብቻ። አንተ ግን መጣራትህን አታቋርጥም፣ አዛዡ ደግሞ ፊትህን ያያል። ያንን ሽሽሽሽ የሚል ድምፅ እዚያው ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰው የኢራቅ ጦርነት በጋለበት ሰሞን ነው። ሲያትል አጠገብ ዴ ሞይን ነበር የምንኖረው፣ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ በሚደርስበት ሰፈር። እኔ ጥቁር ሱፍ ለብሼ ከኤርፖርት ሰው የማመላልስ የታውንካር ሹፌር ነበርኩ። የሺ ሆምኬር ትሠራለች፤ አዛውንቶችን በየቤታቸው ትንከባከባለች። ያለችን አንዲት ልጅ ቤዛ ናት፤ አሜሪካ ስንመጣ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ሲያትል ናት ያሳደገቻት። ሕፃን ሆና ሁለት የመጫወቻ ሬዲዮ ገዝቼላት እሷ ጓሮ እኔ ኩሽና ሆነን ስንጫወት ያንኑ የሻምበሉን ትምህርት አስተማርኳት። ሲያዩት ጨዋታ ነው። ሃይስኩል ጨርሳ አንድ ዓመት ኮሌጅ ከቆየች በኋላ ግን አንድ ቀን ራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና «አባዬ፣ አርሚ ሳይን አደረግሁ። ግን ዶንት ዎሪ፣ ኮሙኒኬሽን ነው። ሬዲዮ። ላይክ ዩ» አለች።

«ላይክ ዩ»፣ እንዳንተ፣ ስትል የሺ ወደ እኔ ዞረች። የዚያን ቀን አስተያየቷን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወጥ አቅርባልኝ አንድ ቃል ሳትናገር ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ብቻ «ይኼን ያስተማርካት አንተ ነህ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቤዛ ኢራቅ ከሄደች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ትደውላለች፤ እዚያ ማምሻው ነው። ከመሄዷ በፊት ለብቻዬ ወደ መኪናው ወስዳኝ አንድ ነገር ነግራኛለች። «አባዬ፣ ከጦር ክፍላችን ሰው ከሞተ ስልኩንም ኢንተርኔቱንም ሁሉንም ይዘጉታል። ቤተሰቡ ተነግሮት እስኪያልቅ ማንም አይደውልም። አንድ እናት ከፌስቡክ ወይ ከጎረቤት እንዳትሰማ ነው። ሶ፣ ካልደወልኩ አትደንግጥ፣ ኦኬ? ሞቻለሁ ማለት አይደለም። ለእማዬ ግን አትንገራት።»

«የሚነገረውስ ማነው የሚነግረው?» አልኳት።

«ሁለት ሰዎች ዩኒፎርም ለብሰው ቤት ይመጣሉ። ስልክ አይደውሉም።»

አንድ ቅዳሜ ስልኩ አልጮኸም።

የሺ ቁርሱን አነሳች፣ ሳህኑን አጠበች፣ የታጠበውን ደግማ አጠበች። «ዛሬ ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለች። «ይሆናል» አልኩ። ከሰዓት በኋላ ነዳጅ ልሞላ ብዬ ወጣሁና መኪና ውስጥ ሆኜ የወታደር ቤተሰቦችን የምታስተባብረውን ፈረንጅ ሴትዮ ኮል አደረግኋት። የእሷም ባል እዚያው ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሌላ ጊዜ ሳቂታ ናት። የዚያን ቀን ግን ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ «ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቷል። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፣ ይቅርታ» አለች። እሷም እየጠበቀች ነው። ገባኝ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ስልኩን ሳንዘጋ ዝም አልን። ሽሽሽሽ ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? ሰው ነው የሞተው፤ ያ ተረጋግጧል። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ክፍሉ ውስጥ ስንት ወላጅ አለ? ያ ሁሉ ወላጅ በያለበት መንገድ መንገድ እያየ ነው፤ እያንዳንዱም «የእኔ አይሁን» እያለ ይጸልያል። የእኔ አይሁን ማለት የሌላው ይሁን ማለት እንደሆነ እያወቅሁ እኔም ጸለይኩ። ከጦርነት ሁሉ የከፋው ይኼ ነው፤ ሰው ክፉ ጸሎት እንዲጸልይ ያደርጋል።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የሺ ሙሉ ቅዳሴውን ቆማ ስታነባ አየኋትና ምንም አልጠየቅኋት። እሷም አልጠየቀችኝም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዳችን ላይ የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ታርጋውን አነባለሁ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ሹፌሮች ተራ በምንጠብቅበት ቦታ ደበበ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ደበበ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው፤ ሆዱ የዋህ፣ አፉ ትንሽ ሰፋ ያለ። «በሌ፣ ፊትህ ምን ሆኗል?» አለኝ፤ በላቸው የሚለውን ስሜን እንዲህ ነው የሚያሳጥረው። አፌን ምነው ያኔ በቆረጠው! ነገርኩት። «ከቤዛ ክፍል ሰው ሞቷል። ማን እንደሆነ አላወቅንም። ለወላጆቹ እስኪነገር ስልክ ተዘግቷል። የሺ አታውቅም። ለማንም እንዳትናገር።» አጭርና ግልጽ ነው። ነገር ግን መልሰህ ድገምልኝ አላልኩትም። ደግሞም በእኛ ሰው ዘንድ «ለማንም እንዳትናገር» ማለት «ቀስ ብለህ ንገር» ማለት መሆኑን ዘንግቼዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ጭጋግና ካፊያ ነበር፣ ብርሃኑ ገና በቅጡ አልወጣም። የሺ ለሥራ ልትወጣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስራለች። እኔ ከሦስት ቀን ወዲህ እንደ ልማድ ካደረግሁት ቦታ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሜያለሁ።

አንድ መኪና መጣ። ቤታችን ፊት ቦታ እያለ አልፎ ሄዶ ፓርክ አደረገ። መብራቱን አጠፋ። ማንም አልወረደም። ሁለተኛ መጣና ከኋላው ቆመ። ሦስተኛ። አራተኛ። ከዚያ በሮቹ አንድ ላይ ተከፈቱና ሰዎች ወረዱ። ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ ላይ ነጠላ ደርበዋል፤ ወንዶቹ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። በሩን የሚያጋጭ የለም፤ የሚያወራ የለም።

ሐበሻ በሰዓቱ ሲመጣ፣ ያውም ተጠራርቶ አንድ ላይ ሲደርስ፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሳይበተን በማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ ቤት ድረስ ይመጣል። እኔም በዚያች ቅጽበት አእምሮዬ ያለኝን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። «ወታደሮቹ ለእድሩ ቀድመው ነገሩ» አልኩ በልቤ። «እንደ ወጉ ለሽማግሌዎቹ ነግረዋቸው ነው የመጡት።» የአሜሪካ ጦር የዴ ሞይንን የሐበሻ እድር አፈላልጎ ሲነግር! ግን አመንኩት። ፍጹም አመንኩት። የመስኮቱን ደፍ ያዝኩ።

በሩ ተንኳኳ። እኔ ደፉን እንደያዝኩ የሺ ተነስታ ከፈተች።

ፊት ለፊት የቆሙት ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ የእድራችን ሊቀመንበር፣ ሬንተን ከተማ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሽማግሌ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ከኋላቸው ቄሱ፣ ከዚያ እትዬ ዘነበች፣ ከዚያ የደበበ ሚስት አስቴር፣ ከዚያ ደጁን የሞላው ሕዝብ። የሺ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋ ታያቸዋለች።

«ሥራ ልገባ ነበር እኮ» አለች። ድምፅዋ ልክ ቀጠሮ እንደተዛባበት ሰው ነው። «ዛሬ አዛውንቷን የማጥብበት ቀን ነው።»

«ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት ጋሽ ሸምሱ። ሁሉም ገቡ። ጫማ ማውለቅ፣ ካፖርት መስቀል፣ ሁሉም በዝምታ። ሁለት ሴቶች የሺን ግራና ቀኝ ይዘው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ይህንንም እናውቀዋለን፤ እንዳትወድቅ፣ ፊቷን እንዳትቧጥጥ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጆቼ» አሉ፣ «ሰው ሆኖ ከአፈር የማይገባ የለም። ፈጣሪ የሰጠውን እሱ ይወስዳል። እናንተ አማኞች ናችሁ፣ ብርቱዎች ናችሁ፤ ይህንንም…»

«ቤዛ ናት?» አለች የሺ።

ጋሽ ሸምሱ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ከኋላ አንዷ ሴት መቆጣጠር አቅቷት «ወይኔ የኔ አበባ!» ብላ ጮኸች፤ የሺም አፏን ከፈተች። ድምፅ ግን አልወጣም።

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እስካሁን አላውቅም። ሐዘን አልነበረም፤ ቁጣ ነው። ሻምበሉ ከነድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ የገቡ ይመስለኛል። ተነስቼ «ጋሽ ሸምሱ፣ ይቆዩ» አልኩ። «ከማን ሰሙት?»

ቤቱ ቀጥ አለ። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው።

«በላቸው፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ደንግጠሃል። ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም! ሁለት ወታደር ሱቅዎ መጥቶ ነገረዎት? ወረቀት አዩ? ከማን ነው የሰሙት?»

«ያዙት እንጂ» አለ አንድ ሰው ከጀርባዬ። እጄን ሊይዝ ሲመጣ ገፈተርኩት። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ዓይኔን ትክ ብለው አዩ። እግዜር ይስጣቸው፣ እብድ አላሉኝም።

«ከዘነበች ነው» አሉ። «ትናንት ማታ ደውላ ‘ቤዛ አርፋለች፣ ወላጆቿ አልሰሙም፣ እድሩ ማለዳ ይድረስላቸው’ አለችኝ።»

«እትዬ ዘነበች፣ አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

«እኔማ ከአስቴር ነው» አለች እያለቀሰች። «‘ቤዛ አደጋ ደርሶባታል፣ ሰው ሞቷል፣ ለወላጅ አልተነገረም፣ ጸልዪ’ አለችኝ። እንግዲህ ሞታ ካልሆነ ለወላጅ የማይነገረው ምንድነው? ብዬ…»

«አስቴር?»

አስቴር ባሏን ፍለጋ ዞረች። ደበበ በሩ አጠገብ ከሁሉም ኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሕፃን ይመስል ያለቅሳል። «ደቤ ነው የነገረኝ» አለች። «‘የቤዛ ክፍል ተመትቷል፣ ለወላጆች እስኪነገር ተዘግቷል’ አለኝ። እኔ የቤዛ ወላጆች መሰለኝ።»

«ደበበ!» አልኩ። «አንተስ ከማን ሰማህ?»

ደበበ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ግራ በተጋባ ዓይን አየኝ። «እንዴ በሌ» አለ፣ «አንተ ነህ እኮ የነገርከኝ። ግን ዛሬ ሲጠሩኝ… ከሰኞ በኋላ ሌላ ወሬ የመጣ፣ እርግጡ የታወቀ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

አያችሁ? ከእኔ አፍ ወጥታ በአራት ሰው ዞራ፣ በየደረሰችበት አንድ ነገር እየጣለች አንድ ነገር እያነሳች፣ ጥቁር ለብሳ የገዛ ቤቴን ያንኳኳችው የእኔው ወሬ ናት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል ያገሬ ሰው። ሁሉም ወሬ ጨመረበት እንጂ መላ የጨመረበት አልነበረም።

አንድ ሁለት ሰው «ተመስገን!» አለ። አስቴር መሬቱ ላይ ተደፋች። የሺ ግን ቀስ ብላ ተነሳችና ከሁለቱ ሴቶች እጅ ወጥታ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ስለዚህ አልሞተችም?»

ሰው ከዋሸ የሚዋሸው ያን ጊዜ ነው። «አላውቅም» አልኩ። «እነሱም አያውቁም። ሰው ሞቷል። ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

«አንተ ከቅዳሜ ጀምሮ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ» አለች። ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። ያደረገችውን አንዱን ጫማ ፈታችና አውልቃ አጠገቧ አስቀመጠች።

ከዚያ ምን ይደረጋል? ሰው ይሂድ ቢባል እንዴት ይሂድ? ያልቅስ ቢባል ማንን ያልቅስ? ያ ሁሉ ሕዝብ ሳሎኔን ሞልቶ፣ ግማሹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ ጠበቀ። ወሬው ሐሰት ሆነ ማለት ነገሩ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሁሉም ይህን ያውቃል። ቄሱ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጋሽ ሸምሱ መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። በግንባር ሳለሁ እኔና አዛዡ ብቻ የምናውቀውን ያንን መጠበቅ አሁን ቤቱ ሙሉ ሰው ጠበቀው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጥቁር መኪና ከመንገዱ ጫፍ ታየ። ቀስ ይላል። የቤት ቁጥር የሚፈልግ መኪና እንዴት እንደሚሄድ በሥራዬ አውቀዋለሁ። አንድ ቤት አለፈ፣ ቆም አለ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ቤታችን ፊት ቆመ። ከመስኮቱ አጠገብ የነበሩት ሁሉ እኩል ትንፋሻቸውን ዋጡ። የሺ ከሶፋው ላይ ሆና «መጡ?» አለች። የመኪናው በር ተከፈተ። እግር ወጣ። ከዚያ ሁለተኛ እግር። ከዚያ ከጎረቤት ከተማ ከፌደራል ዌይ ዘግይታ የደረሰች አንዲት ሴት ትልቅ የወጥ ድስት በፎጣ አቅፋ ብቅ አለች።

ሳቅ አልሳቅንም። እሷ ግን ደጃፉን ስትረግጥ ሰው ሁሉ እንዲያ ሲያያት «ምነው? አረፈድኩ እንዴ?» አለች።

ስልኩ የጮኸው ድስቱ ገና ኩሽና ሳይደርስ ነው። የማላውቀው ረጅም ቁጥር ነው። ደበበ ነው ከፍቶ ጆሮዬ ላይ የደገነልኝ።

«አባዬ፣ ቤዛ ነኝ። ደህና ነኝ። አልተጎዳሁም። ሰማኸኝ?»

ማን እንደሆነች ተናገረች፤ አሳጠረች፤ መልስ ጠበቀች። እኔስ? ያ ነገር ሲረዝም ደሙ የሚፈላው ሰው «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ጤናሽስ? በልተሻል? ብርድ ነው? እንዴት ነሽ ታዲያ?» እያልኩ መዘባረቅ። ማቆም አቃተኝ። የሺ ስልኩን ነጠቀችኝ።

ቤቱ ተናወጠ። እልልታ፣ ለቅሶ፣ ጭብጨባ፤ ደበበ ጋሽ ሸምሱን አቅፎ ይዘላል። በዚያ ሁሉ መሃል የሺ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«ዝም በሉ!» አለች። «ዝም በሉ፣ እባካችሁ!»

እልልታው ተቆረጠ። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ቤዛዬ፣ ስልኩን ዛሬ ለምን ከፈቱት?»

የልጄ ድምፅ ከወዲያ በቀጭኑ «እማዬ…» ብሎ ቀረ። ስልክ የሚዘጋው ሰው ሲሞት መሆኑን ለካ የሺም ታውቅ ኖሯል። ከሌሎቹ እናቶች ሰምታ እሷም እኔን ላለማስደንገጥ ሦስት ቀን ሙሉ ችላው ነበር። ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ሌላውን ሊያድን ዝም ተባብለን ነበር።

«ለቤተሰቡ ነገሩ ማለት ነው አይደል?» አለች የሺ።

«የስ፣ እማዬ።»

«እናት አለችው?»

ቤዛ ማልቀስ ጀመረች። «አለችው። ሬዲዮው ላይ እኔ ነበርኩ፣ እማዬ። መጨረሻ ያናገረው እኔን ነው። ከዚያ ጠራሁት፣ ጠራሁት፣ አልመለሰም። አላቋረጥኩም፣ አይ ኬፕት ኮሊንግ።»

የሺ ልጅቷ አልቅሳ እስኪወጣላት ስልኩን ይዛ ቆመች። ሲዘጋ ነጠላዋን አንስታ ለለቅሶ እንደሚደረገው አዞረችውና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እንግዶቹን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ለቅሶ አይደል የመጣችሁት?» አለች። «ተቀመጡ እንግዲህ። የሞተው ልጅ ሰው የለውም እንዴ?»

ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም። ስሙን ለማናውቀው፣ ፊቱን ላላየነው የሰው ልጅ፣ ዴ ሞይን ውስጥ፣ እስኪመሽ ለቅሶ ተቀመጥን። ቄሱ ጸለዩለት፤ ጋሽ ሸምሱ ዱዓ አደረጉለት። ለቤዛ ያዘጋጁትን ሁሉ ለእሱ አወጡት። አንዳንዶቹ ሴቶች ሲያለቅሱ ያየኋቸው ለወንድሞቻቸው ነበር፤ በእኔ ጊዜ በሰሜን ለቀሩት። የእኛ ጦርነት በር አያንኳኳም ነበርና መርዷቸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ምን ለወጠህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያን ጸሎት መጸለይ አልችልም። ልጄን ጠብቅልኝ እላለሁ፤ «የእኔ አይሁን» ግን አልልም። እናንተም ዜና ስትሰሙ፣ «ይህን ያህል ሞቱ» ሲባል፣ ያው ሰዓት አንድ ቤት እልል እያለ አንድ ቤት ደግሞ እየተንኳኳ መሆኑን አስቡልኝ። ሬዲዮ ላይ በነበርኩ ጊዜ የሞተ ሰው በቁጥር ነበር የሚተላለፈው፤ እኔም ቁጥሩን አሳጥሬ፣ ሳልሳሳት አስተላልፍ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ በጉብዝናዬ አልኮራም።

ቤዛ በሰላም ተመለሰች። የልጁን ስም ያኔ ነገረችን። እናቱ ከሲያትል በስተምሥራቅ ካለው ተራራ ወዲያ፣ የአፕል እርሻ ባለበት ትንሽ ከተማ ነው የምትኖረው። «ለቅሶ ሳንደርስ መቅረት አይሆንም» አለች የሺ። ቤዛ አስቀድማ ደውላ አስፈቀደችልንና ድስት ጭነን ሄድን። ቤቱ ጋ ስንደርስ የሺ ጥቁሩን የሥራ መኪናዬን በሩ ፊት እንዳላቆመው ከለከለችኝ፤ ርቀን አቁመን በእግር ሄድን።

ሴትየዋ ቀጭን፣ ፀጉሯ የሸበተ ናት። ባሏ ድሮ ሞቷል፤ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ደጃፉ ላይ ሆና ድስቱንም የሺንም ተራ በተራ ስታይ፣ የሺ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ነገሩን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ለልጃችን የመጣውን መርዶ፣ ስልኩን፣ ለልጇ የተቀመጥነውን ለቅሶ። እኔ በሁለት ቃል የምጨርሰውን እሷ አረዘመችው፤ እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩ።

ሴትየዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ «ማክሰኞ ነው ያላችሁት?» አለች።

«ማክሰኞ» አለች የሺ።

«በዚያ ማለዳ ሁለቱ መኮንኖች ነግረውኝ ሲሄዱ እዚህ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም» አለች። «እስኪመሽ ብቻዬን ነበርኩ። ለልጄ ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና «ግቡ» አለችን። «የነበሩትን ሰዎች ንገሪኝ። ስማቸውን ሁሉ ንገሪኝ።»

የሺ ድስቱን ለእኔ ሰጥታኝ ገባች፣ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ከጋሽ ሸምሱ ጀመረችላት።